ሰፈሩ «ተባረረች» ይላል፤ ወረቀቱስ ምን ይላል?

«ጋሼ፣ ሰላምታዬ ባሉበት ይድረስዎ። የምጽፍልዎ ከደብረ ብርሃን፣ ከጠባሴ ነው። ዕድሜዬ 33 ነው፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈትል ክፍል ሰባት ዓመት ሙሉ ሠርቻለሁ፤ ደመወዜ 6,000 ብር ነበር። ፋብሪካው ውስጥ ሦስት መቶ ያህል ነበርን። ከሦስት ሳምንት በፊት ለእኔና ለሌሎች 37 ሰዎች ደብዳቤ ተሰጠን። ‹ድርጅቱ ባጋጠመው የገበያ መቀዛቀዝ ምክንያት የሥራ ውልዎ ከዛሬ ጀምሮ የተቋረጠ መሆኑን እንገልጻለን› ይላል። ‹ተቀብያለሁ› ብዬ ፈረምኩ። በሳምንቱ የአስተዳደር ጸሐፊዋ ደውላ ‹በገዛ ፈቃድሽ እንደለቀቅሽ የሚገልጽ ማመልከቻ ጽፈሽ ነይ፤ ሒሳብሽ ቶሎ ያልቅልሻል› አለችኝ። ግራ ገብቶኝ እስካሁን አልሄድኩም።

የሚከነክነኝ ሌላም ነገር አለ። ከአምስት ወር በፊት በትርፍ ሰዓት ክፍያ ከፈረቃ ኃላፊያችን ጋር ተጨቃጭቄ አቤቱታ ጽፌ ነበር። ከእኔ ሁለት ዓመት ዘግይታ የተቀጠረች፣ ከእኔ ጎን ማሽን ላይ የምትሠራ ልጅ ቀርታ እኔ ወጣሁ። ሰፈሩ ‹ተባረረች› ይላል። ባለቤቴ ‹ተባረርሽም ተቀነስሽም ያው ቤት መቀመጥ ነው› ይለኛል። አሜሪካ ያለች የአክስቴ ልጅ ‹ከተቀነስሽማ መንግሥት ይከፍልሻል፣ አመልክቺ› አለችኝ። መሃል ሜዳ ላሉት እናቴ አልነገርኳቸውም። ዕቁቤን ወስጄ ጨርሼዋለሁ፤ ገና የምከፍለው አለ። እኔ የተባረርኩ ነኝ ወይስ የተቀነስኩ? ልዩነትስ አለው?»

እኅቴ፣ ሌላውን ሁሉ ትተሽ መጀመሪያ ይህን ስሚኝ፦ ያን ማመልከቻ አትጻፊ። «ለደንቡ ያህል ነው» ቢሉሽም፣ «ሌሎቹ ጽፈው ወስደዋል» ቢሉሽም፣ ጸሐፊዋ ራሷ ጽፋ «እዚህ ላይ ብቻ ፈርሚልኝ» ብትልሽም አትፈርሚ። ጸሐፊዋን አልወቅሳትም፤ የታዘዘችውን ነው የምታደርገው፤ ምናልባትም ከልቧ ይፈጥንልሻል ብላ ይሆናል። ነገር ግን በእጅሽ ያለው ደብዳቤ «ድርጅቱ ውሉን አቋርጧል» ይላል። አንቺ እንድትጽፊ የተፈለገው ወረቀት ደግሞ «እኔ ለቅቄያለሁ» ሊል ነው። ሁለቱ በአንድ ፋይል ውስጥ ከገቡ በኋላ የትኛው እውነት እንደሆነ ለማስረዳት የምትደክሚው አንቺ ነሽ፤ ወረቀቱ ደግሞ በራስሽ እጅ የተጻፈ ይሆናል።

«ተቀብያለሁ» ብለሽ መፈረምሽ አያስጨንቅሽ። ደብዳቤው እንደደረሰሽ ነው የመሰከርሽው፤ በይዘቱ ተስማማሁ አላልሽም።

ወደ ጥያቄሽ ስመለስ፣ በወረቀቱ መሠረት አልተባረርሽም፤ ተቀንሰሻል። ልዩነቱን ባለቤትሽም እንዲያየው ከታች በብር አስልቼ አስቀምጥልሻለሁ።

አማርኛ ለዚህ ጉዳይ ቃል አላጠረውም፤ ችግሩ ሰፈሩ ከቃላቱ አንዱን ብቻ መርጦ መያዙ ነው። ከማሳ የገባ በሬ ይባረራል፣ የሰው ኪስ የገባ ሌባ ይባረራል፣ ያስቸገረ ተማሪም ከትምህርት ቤት ይባረራል። «ተባረረች» ሲባል ሰሚው ጥፋቱን ሳይነገረው ራሱ ይሞላዋል፦ ሰርቃ ይሆን? ተሳድባ ይሆን? መሥሪያ ቤት ደግሞ «ተሰናበተ» የሚል ለስላሳ ቃል አለው፤ ከጨዋነቱ ብዛት ሌባውንም ታታሪውንም በአንድ በር ይሸኛል። «ተቀነሰ» ግን ስለ ሠራተኛው ምንም አይናገርም፤ የሚናገረው ስለ ቤቱ ነው። ገበያ ጠፍቷል፣ ጥሬ ዕቃ አልገባም፣ ማሽን ተቀይሯል፤ ለቀረው ሥራ ያለው ሰው በዝቷል ማለት ነው። በታኅሣሥ 2014 ኢትዮጵያ አጎአ ከሚባለው የአሜሪካ የቀረጥ ነፃ ገበያ ስትወጣ፣ ለዚያ ገበያ ልብስ ይሰፉ የነበሩ ፋብሪካዎች ሰው ቀንሰዋል። የወጡት ልጆች መርፌ አልሰበሩም፤ ጨርቅም አልሸጡም። ውሳኔው የተወሰነው እነሱ ስሙን እንኳ በማያውቁት አዳራሽ ነው።

ሕጉ ይህን ልዩነት ያውቀዋል። የእናንተ ዓይነት ድርጅት የሚተዳደረው በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። (የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህራንና ሌሎች የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች በሌላ ሕግ ስለሚተዳደሩ፣ ከዚህ በታች የምጽፈውን ለራሳችሁ እንዳትወስዱት።) አዋጁ አሠሪ የሥራ ውል የሚያቋርጠው በቂ ምክንያት ሲኖረው ነው ይላል፤ ምክንያቱ ወይ ከሠራተኛው ጠባይና ችሎታ ይመነጫል፣ ወይ ከድርጅቱ አቋምና የሥራ ሁኔታ።

ሰፈሩ «መባረር» የሚለው የመጀመሪያውን ነው። ይህ ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ የሚደረግ ማቋረጥ ሲሆን በአንቀጽ 27 ተዘርዝሯል፦ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በስድስት ወር ውስጥ 8 ጊዜ ያለ በቂ ምክንያት ማርፈድ፣ በተመሳሳይ ሁኔታ በጠቅላላው 5 ቀን መቅረት፣ ማታለል፣ የድርጅትን ንብረት ለግል ጥቅም ማዋል፣ በሥራ ቦታ መደባደብ፣ ንብረትን ሆን ብሎ ወይም በከባድ ቸልተኝነት ማበላሸት፣ ሌሎችም። በዚህ መንገድ የወጣ ሰው የሥራ ስንብት ክፍያ አያገኝም። የክፍያው ስም «ስንብት» ሆኖ የተሰናበተው ሰው አለማግኘቱ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ይሁንና እንዲህ ያለውን ሰው እንኳ አሠሪው ዝም ብሎ በር አይዘጋበትም፤ ምክንያቱንና ውሉ የሚቋረጥበትን ቀን በጽሑፍ መስጠት አለበት። ጥፋቱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ 30 የሥራ ቀናት ካለፉ ደግሞ በዚያ ምክንያት የማቋረጥ መብቱ ቀሪ ይሆናል።

ይህን ለምን አነሳሁልሽ? ከፈረቃ ኃላፊው ጋር የተጨቃጨቅሽው ከአምስት ወር በፊት ነው። ያ ጭቅጭቅ ጥፋት ነበር ብንል እንኳ ጊዜው አልፎበታል። ጥፋት ደግሞ አልነበረም፤ መብትሽን ነው የጠየቅሽው። ሠራተኛ በአሠሪው ላይ አቤቱታ ማቅረቡ ውሉን ለማቋረጥ በቂ ምክንያት እንደማይሆን አዋጁ በግልጽ ያስቀምጣል። ስለዚህ ነገ ተነስተው «እሷማ በጠባይዋ ነው» ቢሉ ወረቀታቸውም ሕጉም አይደግፋቸውም።

ሁለተኛው መንገድ አንቺ የወጣሽበት ነው፦ የሠራተኛ ቅነሳ። የአንድ ሰው የሥራ መደብ መሰረዝና ቅነሳ በሕጉ ዘንድ አንድ አይደሉም። ቅነሳ የሚባለው ከድርጅቱ ሠራተኞች ቢያንስ 10 በመቶውን የነካ እንደሆነ ነው፤ ከ20 እስከ 50 ሠራተኛ ባለው ድርጅት ደግሞ ቢያንስ 5 ሰው። የሠራተኛው ቁጥር የሚወሰደው ከቅነሳው በፊት ባሉት 12 ወራት አማካይ ነው። ሦስት መቶ ያህል ነበርን ብለሻል፤ የወጣችሁት 38 ናችሁ። 10 በመቶው 30 ስለሆነ አልፋችሁታል። ለዚህም ነው «አንድ በአንድ በፈቃዳቸው ለቀቁ» የሚል ወረቀት መሰብሰብ ለአንዳንድ አስተዳደር የሚጥመው፤ ቅነሳ መሆኑ ቀርቶ 38 የተለያዩ ሰዎች በአንድ ሳምንት ሥራ የሰለቻቸው ይመስላል።

አሁን ሒሳቡ። ከሌለ ካልኩሌተር በእርሳስም ይሆናል። ለመጀመሪያው ዓመት የሥራ ስንብት ክፍያ የአማካይ የቀን ደመወዝሽ 30 እጥፍ ነው፤ ያንቺን በቀን 200 ብር ብንይዘው 6,000 ብር። ከዚያ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚህ አንድ ሦስተኛ ይጨመራል፤ 2,000 ብር በስድስት ዓመት 12,000። ድምሩ 18,000 ብር ሆነ። በቅነሳ የወጣ ሰው በዚህ ላይ የ60 ቀን ደመወዝ ይታከልለታል፤ 12,000 ብር። ስለዚህ 30,000 ብር። በቅነሳ ለሚወጣ ሠራተኛ የማስጠንቀቂያው ጊዜ ደግሞ ሁለት ወር ነው። አንቺ «ከዛሬ ጀምሮ» ተብለሽ ስለወጣሽ የሁለቱን ወር ደመወዝ በገንዘብ መጠየቅ ትችያለሽ፤ ሌላ 12,000። በድምሩ 42,000 ብር፣ ግብር ሳይነሳበት። ያልወሰድሽው የዓመት ፈቃድ ካለ እሱም በገንዘብ ይታሰባል።

ማመልከቻውን ብትጽፊስ? አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለገለ ሰው በፈቃዱ ሲለቅም የሥራ ስንብት ክፍያ ስለሚያገኝ 18,000 ብሩን ትወስጂ ነበር። «ቶሎ ያልቅልሻል» ያሉሽ ይህንኑ ይሆናል። የ60 ቀኑ 12,000 ግን ይቀራል፤ የማስጠንቀቂያው 12,000ም ይቀራል። እንዲያውም በፈቃዱ የሚለቅ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት ስላለበት፣ «ሳታስጠነቅቂ ለቀሻልና ካሣ ክፈይ» ብለው እስከ አንድ ወር ደመወዝ ሊጠይቁሽ መንገድ ትከፍቺላቸዋለሽ። ተባርረሽ ቢሆን ኖሮ የስንብት ክፍያው ዜሮ ነበር። እንግዲህ ዜሮ፣ 18,000 እና 42,000 ናቸው፤ ባለቤትሽ ሦስቱን ጎን ለጎን አይቶ «ያው ነው» የሚል ከሆነ፣ ደግ ሰው ነው፣ ገበያ ግን አትላኪው።

እኔ በዚህ ጉዳይ ንጹሕ እጅ ይዤ የምጽፍልሽ አይደለሁም። ሃያ ሁለት ዓመት በሠራተኛ አስተዳደር ሠርቻለሁ፤ እንዲህ ያሉ ደብዳቤዎችን በመጻፊያ መኪና የመታሁ ሰው ነኝ። በወጣትነቴ በነበርኩበት ፋብሪካ የማቅለሚያው ክፍል ተዘጋና 14 ሰው ወጣ። እኔ ከድሮ ፋይል አንድ አረፍተ ነገር አገኘሁ፤ «አገልግሎትዎ ስላላስፈለገ ተሰናብተዋል» ይላል። አጭር ናት፣ ካርቦን አድርጌ ለአሥራ አራቱም እሷኑ መታሁ፣ አስፈረምኩ፣ ረሳሁት። በሁለተኛው ዓመት፣ ውርጩ ሣሩን ነጭ በሚያደርግበት በኅዳር ጠዋት፣ አንድ በርኖስ የለበሱ ሰው ቢሮዬ ገቡ። ከደረታቸው ፌስታል አወጡ፤ ከፌስታሉ አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት። እጥፋቱ ተበጥሶ በፕላስተር ተያይዟል። ያቺው የእኔ አረፍተ ነገር ናት። ለዘበኝነት ሦስት ቦታ አመልክተው ሦስቱም ቦታ «ለምን አላስፈለጉም?» ብለው መልሰዋቸዋል። ኃላፊዬ ዘንድ ይዤው ብገባ «ቃል ምን ይፈይድለታል፣ ሥራ የለም እንጂ» አለኝ። ሁለት ሳምንት ተመላልሼ «በማቅለሚያ ክፍሉ መዘጋት ምክንያት በሠራተኛ ቅነሳ» የሚል አዲስ ደብዳቤ አስፈረምኩላቸው። ማንበብ አይችሉም ነበር። ሁለት ጊዜ አስነበቡኝና «ቃሉ የትኛው ነው?» አሉኝ። «ቅነሳ» የሚለውን አሳየኋቸው። ጣታቸውን እዚያ ላይ አድርገው ትንሽ ቆዩ፤ ከዚያ ወረቀቱን አራት ላይ አጥፈው ወደ ፌስታሉ መለሱት።

ያንቺም ደብዳቤ ይህ ቃል የለበትም። «የገበያ መቀዛቀዝ» ማለቱ ጥሩ ነው፤ «በሠራተኛ ቅነሳ» የሚለው ግን ቀርቷል። አስጨምሪው። ማመልከቻ መጻፍ ካማረሽ የምትጽፊው ይኸኛውን ነው፦ «በዚህ ቀን በዚህ ቁጥር የተሰጠኝ ደብዳቤ በሠራተኛ ቅነሳ መሆኑ ተገልጾ እንዲስተካከልልኝ፤ የሥራ ስንብት ክፍያዬ፣ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያዬና የዓመት ፈቃዴ ተሰልቶ እንዲከፈለኝ፤ ለቅነሳው የተመረጥኩበት መመዘኛ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ።» ከዚህ አይርዘም። የፈረቃ ኃላፊውን ስም አታንሺ፤ እንባም አትጨምሪበት። በሁለት ቅጂ አድርጊው፤ አንዱን መዝገብ ቤት አስገብተሽ በሌላኛው ላይ የገቢ ቁጥርና ማህተም አስመቺ። አንቀበልም ካሉሽ ምስክር ይዘሽ ሂጂ፣ ወይም በፖስታ ቤት በአደራ ላኪው። ከዚያ በፊት ግን ዋናውን ደብዳቤ በስልክሽ ፎቶ አንሺው፤ ለባለቤትሽም ላኪለት።

ልጅቷን በተመለከተ ትንሽ ቀስ በይ። ሕጉ ቅነሳ ሲደረግ አሠሪው ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከሠራተኞች ተወካዮች ጋር እየተመካከረ በችሎታና በምርታማነት የተሻሉትን እንዲያስቀር ይላል። በዚህ እኩል የሆኑ ሲኖሩ ቅነሳው አስቀድሞ የሚነካው በድርጅቱ አነስተኛ የአገልግሎት ዘመን ያለውን ነው፤ የሚያስተዳድረው የቤተሰብ ብዛትም ይታያል። በዚህ ዓይን ካየነው፣ እኩል ማሽን ላይ እኩል የምታመርቱ ከሆነ፣ አንቺ በሁለት ዓመት ስለምትቀድሚ ከአንቺ በፊት መውጣት የነበረባት እሷ ናት። ግን ነፍሰ ጡር ብትሆንስ? በቅርብ ወልዳ ቢሆንስ? ነፍሰ ጡሮችና ከወለዱ አራት ወር ያልሞላቸው እናቶች፣ በሥራ ላይ ጉዳት የደረሰባቸው፣ የሠራተኞች ተወካዮችም በመጨረሻ ነው የሚነኩት። ወይስ የምርት መዝገቧ ካንቺ ይበልጣል? ይህን ሳታውቂ «በዘመድ ቀረች» እንዳትዪ፤ እሷም ነገ ያንቺው ጎረቤት ናት። የምርት ካርድሽን ፎቶ ወይም ቅጂ ካለሽ ያዢው፤ ከሌለሽ ከማኅበሩ ጠይቂ። ማኅበሩ በቅነሳው ላይ ተመክሮበት እንደሆነም ጠይቂ፤ ቃለ ጉባኤ ካለ በዚያው ይታያል።

መልሱ ካላሳመነሽና ቅነሳው አቤቱታሽን ለመበቀል የተደረገ መሆኑን የሚያሳይ ነገር ካገኘሽ፣ ጉዳዩ ሕገወጥ ስንብት ይሆናል። ያኔ ወደ ሥራ ልመለስ ማለት ትችያለሽ፤ ወይም ካሣ። ካሣው የአማካይ የቀን ደመወዝሽ 180 እጥፍ፣ ባንቺ ሒሳብ 36,000 ብር፣ ከማስጠንቀቂያው ጊዜ ክፍያ ጋር ነው፤ የስንብት ክፍያውም ለብቻው አለ። ቀኑን ግን ቁጠሪ። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ ውሉ በተቋረጠ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ የክፍያ ጥያቄ ደግሞ በስድስት ወር። ሦስት ሳምንቱ አልፏል። ለሠራተኛ ክስ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም፤ «ገንዘብ የለኝም» ብሎ መቅረት አያስፈልግም።

እኔ አንቺን ብሆን ወደ ክስ አልቸኩልም ነበር። 38 ሰው የቀነሰ ፋብሪካ ነው፤ ተፈርዶልሽ ብትመለሺ እንኳ ማሽኑ የሚፈትለው ክር ሊያጣ ይችላል። መጀመሪያ ወረቀቱን አስተካክዪ፤ 42,000ውን ተቀበዪ፤ የመመዘኛውን መልስ እዪ። ከዚያ ሁለተኛው ወር ሳያልቅ ወስኚ። ይህ የእኔ ሐሳብ ነው፤ ንዴትሽ ሌላ ነገር የሚልሽ ከሆነም አልፈርድብሽም።

ሌላ ልብ የምትዪው፦ ውሉ በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ሒሳብሽ ሊከፈልሽ ይገባ ነበር። አሠሪው ያለ ምክንያት ካዘገየ ፍርድ ቤት እስከ ሦስት ወር ደመወዝ ሊጨምርበት ይችላል። ነገር ግን «የኛን ንብረት አልመለሰችም» የሚል ሰበብ እንዳያገኙ፣ የሥራ ልብሱን፣ መታወቂያውን፣ የቁም ሳጥኑን ቁልፍ ዛሬውኑ አስረክበሽ ደረሰኝ ያዢ። የሥራ ልምድ ማስረጃሽንም በዚያው ጠይቂ፤ የሠራሽውን የሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመንሽንና ደመወዝሽን የሚገልጽ ወረቀት በነፃ የመስጠት ግዴታ አለባቸው። አዲስ ቀጣሪ «ለምን ለቀቅሽ?» ሲልሽ «ፋብሪካው 38 ሰው ሲቀንስ ተቀነስኩ» በይው፤ ከዚያ ስለ ፈትል አውሪ። የጡረታ መለያ ቁጥርሽንም አትርሺ። ከደመወዝሽ 7 በመቶ ሲቆረጥ፣ አሠሪው 11 በመቶ ሲጨምር የነበረው በዚያ ቁጥር ነው፤ ነገ ሌላ ቦታ ስትቀጠሪ አገልግሎትሽ ከዚያው ይቀጥላል። ገቢ መደረጉንም አጣሪ፤ ከደመወዝ ቆርጠው ያላስገቡ ቤቶች አጋጥመውኛል።

የአክስትሽ ልጅ አልዋሸችሽም፤ የምትኖርበትን አገር ሕግ ነው የነገረችሽ። በአሜሪካ በቅነሳ ሥራ ያጣ ሰው ለጊዜው በየሳምንቱ የሚከፈለው የሥራ አጥነት መድን አለ፤ በከባድ ጥፋት የተባረረ ግን ሊከለከል ይችላል። ለዚህ ነው እዚያ ያሉ ዘመዶቻችን «ተባረርሽ ወይስ ተቀነስሽ?» ብለው አጥብቀው የሚጠይቁት። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ መድን የለም። የኛ መድን ያው አሠሪው አንድ ጊዜ የሚከፍልሽ የስንብት ገንዘብ ነው፤ ስለዚህ በጥፍርሽም ቢሆን ያዢው።

ምናልባት ከወጡት ጓደኞችሽ አንዷ «እኛን እኮ ለጊዜው ተቀመጡ ነው ያሉን» ብትልሽ፣ ያ ቅነሳ አይደለም፤ እገዳ ነው። ድርጅቱ ከአቅሙ በላይ የሆነ ችግር ሲገጥመው ውሉን ሳያቋርጥ ለጊዜው ማገድ ይችላል። ለሚመለከተው የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ ማስታወቅ አለበት፤ እገዳውም ከ90 ቀን አያልፍም። «ተቀመጡ» ተብሎ ስድስት ወር ቤት መቀመጥ የሚባል ነገር በሕጉ የለም።

ዕቁቡ ከሁሉ ይልቅ አሳስቦኛል፤ ምክንያቱም ፋብሪካውን ሕግ ይይዘዋል፣ ዕቁብን የሚይዘው ፊት ነው። ከወሰድሽ በኋላ መክፈል ካቆምሽ ዱላው የሚያርፈው በዋስሽ ላይ ነው። ስለዚህ ክፍያ ሳታሳልፊ ለዕቁቡ ዳኛ ንገሪ፤ ለዋስሽ ደግሞ ከዳኛውም በፊት። «ሥራ ቀርቷል፣ የስንብት ክፍያ እጠብቃለሁ፣ እስከዚያ በግማሽ ልክፈል» ብትዪ የሚከለክልሽ አይመስለኝም፤ ዕቁብ ውስጥ ሁሉም ነገ በእኔ ብሎ ያስባል። ገንዘቡ ሲገባልሽ ቀሪውን ዕቁብ ቀድመሽ ለይተሽ አስቀምጪ። «ሱቅ እንክፈትበት»፣ «ባጃጅ እንግዛበት» የሚሉሽ ሰዎች በዚያው ሳምንት ይመጣሉ። ይምጡ፤ ቡና አፍልተሽ አስተናግጃቸው፤ ብሩን ግን ሁለት ወር ባንክ ይቀመጥ።

እናትሽን ለመጨረሻ ያቆየሁት ቀላል ስለሆነ አይደለም። ከጠባሴ መሃል ሜዳ የሚወጣ ሰው አይጠፋም፤ ወሬው አንቺን አይጠብቅም። ሰው ቀድሞሽ ከነገራቸው «ልጅዎ ተባረረች» ብሎ ነው የሚነግራቸው፤ እሳቸውም ጥፋቱን እንደ ማንኛውም ሰሚ ራሳቸው ይሞሉታል፣ ሌሊቱንም አይተኙም። ማመልከቻሽን ማህተም አስመትተሽ ከግቢው ስትወጪ፣ ታክሲ ውስጥ ሳትገቢ ደውዪላቸው። «እማዬ፣ ፋብሪካው ገበያ አጥቶ 38 ሰው ቀነሰ፣ እኔም ከነሱ ውስጥ ነኝ፤ ሒሳቤን እየጠበቅሁ ነው» በያቸው። መጀመሪያ የሚጠይቁሽ ስለ ልጆቹ ይሆናል። ቀጥሎ ገብሱ እንደደረሰና ትንሽ ሊልኩልሽ እንደሚችሉ ይነግሩሻል፤ እምቢ አትበዪ።